ስለ ናልትሬክሶን፦ የማይፈራውን አስፈርቶ የሚፈራውን ለዘለለ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የመጠጥ ሱስን ለማከም የሚታዘዘውን ናልትሬክሶንን ከመርዝ እኩል ያሰልፈዋል። ክሶቹ ስድስት ናቸው፦ ኪኒኑን ውጦ የጠጣ ሰው ይሞታል፤ ጉበት ያቃጥላል፤ አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ይተካል፤ ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ አይለቅም፤ ደስታን ነጥቆ ወደ ራስ ማጥፋት ይገፋል፤ በመርፌ የሚሰጠው ደግሞ ሥጋ ያበሰብሳል።

ከስድስቱ ሁለቱ የናልትሬክሶን ጠባይ ጭራሽ አይደሉም፤ ከሌላ መድኃኒት ላይ ተገፍፈው የተለጠፉበት ናቸው። አራቱ የእውነት ፍሬ አላቸው፤ ነገር ግን ከመጠናቸውና ከሁኔታቸው ተነጥለው ስለቀረቡ አንባቢን ከማሳሳት አልዘለሉም። እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ከስድስቱ አንዱም አይደለም። ናልትሬክሶን የዋጠን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ሊያስገባው የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ጽሑፉ ስለ እሱ አንዲት መስመር አልጻፈም። ተራው ሲደርስ እናነሳዋለን።

አስቀድሞ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ። ሰው አልኮል ሲጠጣ አንጎሉ ኢንዶርፊን የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር ይለቃል። ኢንዶርፊኑ ኦፒዮይድ ተቀባይ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ላይ ሲያርፍ ሞቅታው ይመጣል፤ «አንድ ልድገም» የሚያሰኘውም እሱ ነው። ናልትሬክሶን ቀድሞ እነዚያው ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል። ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ ማለት ነው፤ ቦታውን ይይዛል እንጂ በሩን አይከፍትም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ላሉ ኦፒዮይዶች ሱስ ነበር፤ ለአልኮል የተፈቀደው በ1994 ነው። የተለመደው መጠን በቀን አንድ ባለ 50 ሚሊ ግራም ኪኒን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አሠራር ይመነጫልና አንባቢ ቁልፉን በልቡ ይያዝልን።

ኪኒኑን ውጦ የጠጣ ይሞታል የሚለው ክስ የሌላው የመጠጥ ሱስ መድኃኒት፣ የዳይሰልፊራም ታሪክ ነው። አልኮል ጉበት ውስጥ በመጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ አሴቴት ይለወጣል። ዳይሰልፊራም ሁለተኛውን እርምጃ የሚያከናውነውን ኢንዛይም ስለሚያግድ አሴታልዴሃይድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ብርጭቆው ባዶ ሳይሆን ፊትና አንገት ይቀላል፣ ራስ ይወቅራል፣ ልብ ይደልቃል፣ ትውከት ይመጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ልቡ የታመመ ሰው ላይ ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ይኸው ነገር ሊከሰት ስለሚችል፣ ዳይሰልፊራም የሚወስድ ሰው አልኮል ካለበት የሳል ሽሮፕና ከአፍ መጉመጥመጫ ሳይቀር ይጠበቃል።

ናልትሬክሶን ከዚህ ኢንዛይም ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። በላዩ ላይ የጠጣ ሰው ፊቱ አይቀላም፣ ግፊቱ አይወድቅም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መጠጡ «አልገባ» ማለቱ ነው። እንዲያውም በየቀኑ ሳይሆን ሊጠጡ እንደሚችሉ በሚያውቁበት ቀን ብቻ፣ ከመጠጡ አንድ ሰዓት ገደማ አስቀድመው እንዲወስዱት የሚታዘዝላቸው ሰዎች አሉ። በዳይሰልፊራም ቢሆን ይህ የማይታሰብ ነው።

የተሳሳተው ወሬ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት አለ። እሞታለሁ ብሎ የፈራው ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ይጠጣል፤ ምንም አይሆንም። ወዲያው ኪኒኑ የውሸት ነው ብሎ ይደመድምና ይጥለዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፦ ሞቅታው ስላልመጣ አልሰከርሁም ብሎ መሪ የሚይዝ አለ። ናልትሬክሶን ስሜቱን ያደበዝዛል እንጂ ስካርን አያስቀርም። ደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ያው ነው፤ እጅና እግር ያው ይዘገያሉ፣ ዓይን ያው ይሳሳታል። የጠፋውን ሞቅታ ለማግኘት ብሎ ብርጭቆ የሚደራርብ ሰውም ወደ አልኮል መመረዝ ሊደርስ ይችላል። ለአንባቢ መነገር የነበረበት ማስጠንቀቂያ ይህ ነበር።

ወደ ጉበቱ እንምጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከባዶ ሜዳ አልተነሱም፤ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ለዓመታት በጥቁር ሣጥን ተከብቦ የታተመ የጉበት ማስጠንቀቂያ ነበር። ያልነገሩን ማስጠንቀቂያው ከየት እንደመጣና የት እንደደረሰ ነው። የመጣው ናልትሬክሶን ውፍረት ይቀንስ እንደሆነ ለማየት በቀን 300 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በቀን 6 ኪኒን፣ ከተሰጠበት ጥናት ነው። ይህን መጠን ከወሰዱት 26 ሰዎች መካከል በ5ቱ ላይ ኤኤልቲ የሚባለው ኢንዛይም (የጉበት ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈሰው) ከ3 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ከመነሻው ከ3 እስከ 19 እጥፍ ከፍ አለ። ሰዎቹ ሕመም አልተሰማቸውም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ቁጥሩ ወረደ። በ50 ሚሊ ግራም በተካሄዱት ጥናቶችና በረጅም ዓመታት አጠቃቀም ይህን የመሰለ ነገር ስላልታየ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ሣጥኑ እንዲነሳ አድርጓል። ሣጥኑ ተነሳ እንጂ ማስጠንቀቂያው ጨርሶ አልጠፋም፤ መግለጫው ውስጥ ዛሬም አለ።

ስለዚህ በሥራ ላይ ጉዳዩ እንዲህ ይታያል። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል። አጣዳፊ የጉበት ብግነት ያለበት ወይም ጉበቱ ሥራውን ማቆም የጀመረ ሰው አይጀምርም። ኤኤልቲው ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እስከ 5 እጥፍ በላይ የሆነ ሰው ላይ አብዛኛው ሐኪም ቆም ብሎ ያስባል፤ ምክንያቱን ሳያጣራ ኪኒኑን አይጽፍም። ከዚያ በታች ያለ መጠነኛ ጭማሪ ግን መድኃኒቱን አያስከለክልም፣ ምክንያቱም ብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበት ቀድሞውንም ተቆጥቷል። እዚህ ላይ ወረቀቱን የያዘ አንባቢ ራሱ ሊያየው የሚችል ነገር አለ፦ ኤኤስቲ የሚባለው ሌላው የጉበት ኢንዛይም ቁጥር ከኤኤልቲ በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ጣት የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ወደ መጠጡ ነው። መጠጡ ሲቀንስ ቁጥሩ ኪኒኑ እየተወሰደም ሊወርድ ይችላል። ምርመራው ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ይደገማል፤ መነሻው ከፍ ያለ ሰው ቶሎ ቶሎ ይታያል።

በመካከል የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ደፈረሰ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ወይም በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ያለ ሕመም ለቀናት ከቆየ ኪኒኑ በዚያው ቀን ይቆማል፤ ሐኪም ጋ ይኬዳል። ጸሐፊው እነዚህን አራት ምልክቶች ጽፈው ቢሆን ኖሮ ስለ ጉበት ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ይጠቅሙ ነበር።

አንዱን ሱስ በሌላ ይተካል የሚለው ብዙ አያስኬድም። ናልትሬክሶን አያስደስትም፣ አያፈዝም፣ ሰውነት አይለምደውም። ለዓመት የወሰደው ሰው ዛሬ ቢያቆም ሀራራ የሚባል ነገር አይመጣበትም፤ መጠኑን እየቀነሱ መውረድም አያስፈልግም። ክሱ በተለምዶ የሚሰነዘረው የኦፒዮይድ ሱስን ለማከም በሚሰጡት በሜታዶንና በቡፕረኖርፊን ላይ ነው፤ እነሱ በእርግጥ ያንኑ ተቀባይ የሚያነቃቁ ናቸው፣ በድንገት ሲቆሙም ሀራራ ያመጣሉ። (በነገራችን ላይ እነሱም ላይ ቢሆን ክሱ አይጸናም። መድኃኒት ሲቋረጥ ሰውነት መቸገሩ አንድ ነገር ነው፤ ኑሮን ትቶ አንዱን ነገር ማሳደድ ሌላ ነው። ሱስ የምንለው ሁለተኛውን ነው።)

ማቅለሽለሹ አይለቅም ወደሚለው ስንመጣ ጸሐፊው ቁጥር አልሰጡም፤ ቁጥሩ ግን አለ። ወደ 570 የሚጠጉ የአልኮል ሱስ ያለባቸው ሰዎች ኪኒኑን በወሰዱበት የደኅንነት ጥናት ማቅለሽለሽ 10 በመቶ፣ ራስ ምታት 7 በመቶ፣ ማዞር፣ መነጫነጭና ድካም እያንዳንዳቸው 4 በመቶ፣ እንቅልፍ ማጣትና ትውከት 3 በመቶ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት 2 በመቶ ሰዎች ላይ ታይተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ አላቅለሸለሻቸውም ማለት ነው። ያቅለሸለሻቸውም አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱን የሚያስጥል ሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስጥለውም ኪኒኑ ሳይሆን የተጀመረበት መንገድ ነው። የተለመደው ስሕተት ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ሙሉውን 50 ሚሊ ግራም መዋጥ ነው። የሚሻለው ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ በ25 ሚሊ ግራም መጀመር፣ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳለቀ መዋጥ፣ ከ3 እስከ 7 ቀን በዚያው ቆይቶ ወደ ሙሉው መሄድ ነው። ሆዱ በጣም ስስ የሆነ ሰው በሩብ ኪኒን፣ በ12.5 ሚሊ ግራም ይጀምራል። ግማሹን በጣት ለመስበር ከመሞከር በፋርማሲ የሚሸጥ የኪኒን መቁረጫ መጠቀም ይሻላል፤ በጣት ሲሰበር አንዱ ወገን ይበልጣል፣ ሌላው ይፈረፈራል። የተቆረጠው ወገን ሽፋኑ ስለተነሳ በጣም ይመራል፤ ምላስ ላይ ሳያቆዩ በብዙ ውሃ ወዲያው መዋጥ ነው። ምሬቱ ራሱ የሚያስታውካቸው ሰዎች ስላሉ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስል።

ሰዓቱም ይስተካከላል። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ጠዋት ይውሰደው፤ የሚያስተኛው ሰው ማታ። አንድ ቀን የተረሳ እንደሆነ በማግሥቱ ሁለት አይዋጥም፤ እንደወትሮው አንድ ይቀጥላል።

ሌላው ጽሑፉ የቀላቀለው የማን ጥፋት እንደሆነ ነው። ትናንት መጠጥ ያቆመ ሰው ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህ የአልኮል ሀራራ ነው። በዚያው ቀን ናልትሬክሶን ከጀመረ ሁሉንም በኪኒኑ ያሳብባል፤ ማቅለሽለሹም በማቅለሽለሽ ላይ ይደረባል። ስለዚህ ከባድ ሀራራ የሚጠበቅበት ሰው ያ ካለፈ በኋላ ቢጀምር ይመረጣል። ደግሞም ናልትሬክሶን የአልኮልን ሀራራ አያክምም። ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ ትኩሳትና መወራጨት ሊከተል ይችላል። ይህ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት፣ በሐኪም ክትትል ሥር ነው። ኪኒን ጀምሬያለሁ ብሎ ቤት ዘግቶ መተኛት አደገኛ ነው።

ደስታ መንጠቁና ራስ ማጥፋቱ ላይ በጥንቃቄ ነው የምንጽፈው። ናልትሬክሶን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ታይቷል፤ የመግለጫ ወረቀቱም ያስጠነቅቃል። ነገር ግን በሱስ ውስጥ ያለ፣ በተለይም መጠጥ ያቆመ ሰው ያለ ምንም ኪኒንም ለድብርት የተጋለጠ ነው። መድኃኒቱ ከማስመሰያ ኪኒን ጋር በተወዳደረባቸው ጥናቶች በአማካይ ድብርትን በግልጽ ሲያባብስ አልታየም። አማካይ ግን የአንድን ሰው ጉዳይ አይዘጋም። ሙዚቃውም፣ ስፖርቱም፣ ሳቁም ደብዝዞብኛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ኢንዶርፊን የመጠጥ ብቻ ስላልሆነ ቅሬታቸው ከአሠራሩ ጋር አይጣላም። እንዲህ ያለው ሰው ምርጫ አያጣም፦ መጠኑን መቀነስ፣ ለመጠጥ በሚጋለጥበት ቀን ብቻ መውሰድ፣ ወይም ጨርሶ ወደ ሌላ መድኃኒት መዞር። አካምፕሮሴት ለምሳሌ ኦፒዮይድ ተቀባይን አይነካም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፦ በቀን ሦስት ጊዜ 666 ሚሊ ግራም መዋጥ፣ ተቅማጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በኩላሊት የሚወጣ በመሆኑ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይከለከላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይንገር።

የመርፌው ክስ ላይ ጸሐፊው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ወደ እውነቱ ተጠግተዋል። በወር አንዴ የሚሰጠው ቪቪትሮል 380 ሚሊ ግራም ሲሆን በየ4 ሳምንቱ መቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ለአልኮል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ2008 ያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በተወጋው ቦታ ላይ ስለደረሰ ጉዳት 196 ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታወቀ፤ ከእነዚህ 16ቱ ሰዎች ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። መግል መያዝና የሥጋ መሞት በሪፖርቶቹ ውስጥ አሉ። ይህን አንክድም። የጎደለው «ለምን?» የሚለው ነው።

ዋናው ምክንያት መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ስብ ውስጥ መቅረቱ ነው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚያልፍበት ወፍራሙን ፈሳሽ ቀስ እያለ ይቀበላል፤ ስብ ደሙ ጥቂት ስለሆነ መድኃኒቱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ሥጋውን ያስቆጣል። ስለዚህ በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ርዝመት ያላቸው መርፌዎች ይመጣሉ፤ አጭሩ 3.8፣ ረጅሙ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መቀመጫው ላይ ብዙ ስብ ያለው ሰው፣ በተለይ ብዙ ሴቶች፣ በአጭሩ ከተወጉ ጫፉ ጡንቻው ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ረጅሙም የማይደርስለት ሰው ኪኒኑ ይሻለዋል። ክንድ ወይም ጭን ላይ አይወጋም። ግራና ቀኝ በየወሩ ይፈራረቃል።

አዘገጃጀቱም ጥፋት ያመጣል። ጥቅሉ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ 45 ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል። ዱቄቱ ያለበት ብልቃጥ ታችና ላይ መታ መታ ተደርጎ ይፈታል፤ 3.4 ሚሊ ሊትር ማሟሚያ ይገባበታል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይናጣል። በትክክል የተናጠው ወተት ይመስላል፣ እብጠት የለውም፣ ብልቃጡ ሲዘነበል ግድግዳውን ይዞ ያለ ችግር ይወርዳል። ወደ መርፌው 4.2 ሚሊ ሊትር ተስቦ፣ አየሩ ወጥቶ 4 ሚሊ ሊትር ላይ ሲደርስ ሳይውል ሳያድር ይወጋል። ቸል ከተባለ ይረጋና መርፌውን ይደፍነዋል። የደፈነው መርፌ በትርፉ ይለወጣል፤ በጉልበት አይገፋም። ከሌላ ጥቅል የተገኘ መርፌ መጠቀምም አይፈቀድም።

ከተወጋ በኋላ ጥቂት ቀን መጠዝጠዝና ትንሽ ጠጠር ያለ እብጠት የተለመደ ነው። የማይለመደው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመቀነስ ይልቅ የጨመረ፣ የጠቆረ፣ የቆሰለ ወይም ፈሳሽ ያወጣ እብጠት ነው፤ ይህን ቀዶ ሐኪም ይየው። ደም የማይረጋለት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ መርፌው ለብቻው ይጠይቅ። ማቅለሽለሹም ከኪኒኑ ይልቅ በመርፌው ይበዛል፦ በጥናት 33 በመቶ ሲሆን በማስመሰያው 11 በመቶ ነበር። መርፌውን ከኪኒን የሚለየው ትልቁ ነገር ደግሞ አንዴ ከገባ መልሶ ማውጣት አለመቻሉ ነው። ኪኒን ያልተስማማው ሰው ነገ አይውጥም፤ መርፌ ያልተስማማው ሰው ወር ይጠብቃል። ኪኒኑን ለጥቂት ሳምንት ቀምሶ ወደ መርፌ መሄድ የሚመከረው ለዚህ ነው።

አሁን ጽሑፉ ወደዘለለው። ቀደም ሲል ቁልፉን ያዙልን ብለናል። የናልትሬክሶን ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የሞርፊን፣ የኮዴይን፣ የትራማዶል፣ የሜታዶንና የሄሮይንም ቀዳዳ ነው። ሰውነቱ ከእነዚህ አንዱን የለመደ ሰው ናልትሬክሶን ከዋጠ መድኃኒቱ ኦፒዮይዱን ከተቀባዩ ላይ ገፍትሮ ይጥለዋል። ለቀናት ቀስ እያለ ይመጣ የነበረው ሀራራ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ ኪኒኑ በተዋጠ በ5 ደቂቃ ሊጀምርና እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ተደጋጋሚ ትውከት፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም መዘባረቅና የሌለ ነገር ማየት። የጠፋውን ፈሳሽ በደም ሥር መተካት ያስፈለጋቸው ሰዎች አሉ። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ተብሎ ከማቅለሽለሽ ጋር የሚዘረዘር አይደለም፤ ከመጀመሪያው መከላከል የሚቻል አደጋ ነው።

መከላከያው ቀን መቁጠር ነው። እንደ ሄሮይን፣ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ያሉ ቶሎ የሚወጡ ኦፒዮይዶች ከቆሙ ከ7 እስከ 10 ቀን፤ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ከሆነ እስከ 2 ሳምንት። ችግሩ ብዙ ሰው «ኦፒዮይድ ትወስዳለህ?» ሲባል ያለ ውሸት «አልወስድም» ማለቱ ነው፤ ለወገቡ የሚውጠው ትራማዶል ኦፒዮይድ መሆኑን አያውቅማ። ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕም የሚቆጥረው የለም። ስለዚህ ጥያቄው በስም በስም መሆን አለበት፦ ለሕመም ምን ትወስዳለህ? ለሳልስ? ለተቅማጥስ? የሽንት ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም፤ ሞርፊንን የሚፈልገው የተለመደው ምርመራ ትራማዶልን፣ ሜታዶንንና ፌንታኒልን ሊያልፋቸው ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር ናሎክሶን የተባለው፣ ያንኑ ተቀባይ የሚዘጋ ሌላ መድኃኒት ይሞከራል፦ 0.8 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር ተወግቶ ለ20 ደቂቃ ይታያል። ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የቆዳ መኮማተር፣ ላብ ከመጣ ናልትሬክሶን በዚያን ቀን አይጀመርም። የናሎክሶን ውጤት በአጭር ጊዜ ያልፋል፤ የናልትሬክሶን ግን አያልፍም፣ የሚሞከረውም ስለዚህ ነው።

የዚህ ሌላ ገጽ ሕመም ነው። ናልትሬክሶን የሚወስድ ሰው አጥንቱ ቢሰበር ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ሞርፊን በተለመደው መጠን አይሠራለትም። ቀኑ የታወቀ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ኪኒኑ ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ የመርፌው ውጤት እስኪያልፍ ግን አንድ ወር ገደማ ያስፈልጋል። ድንገተኛ ከሆነ ሕመሙ አንድን የሰውነት ክፍል በማደንዘዝ፣ በኬታሚንና ኦፒዮይድ ባልሆኑ ማስታገሻዎች ይያዛል። ሰውየው ራሱን ቢስት የሚናገርለት እንዲኖር ቦርሳው ውስጥ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና መጨረሻ የተወሰደበትን ቀን የያዘች ቁራጭ ወረቀት ትኑረው። መዝጊያውን አሸንፋለሁ ብሎ ብዙ ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ናልትሬክሶን ካቆመ በኋላ ወደ ድሮው መጠን የሚመለስ ሰው ላይም እንዲሁ ነው፤ ሰውነቱ መልመዱን ትቷልና ድሮ የሚችለው መጠን አሁን ይገድለዋል።

መቼም ብዙ ሰው ጥቅም አያገኝበትም የሚለው የጸሐፊው ማሳረጊያ ከፊሉ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ወደ ከባድ መጠጥ እንዳይመለስ ለማድረግ 11 ሰዎች 50 ሚሊ ግራሙን ኪኒን መውሰድ አለባቸው፤ ጨርሶ ወደ መጠጥ እንዳይመለስ ደግሞ 18። ተአምር አይደለም። የአልኮል ሱስ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ሲመዘን ግን የሚናቅ አይደለም።

ጽሑፉን አንብበው ኪኒኑን የጣሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። በማቆማቸው ሀራራ አይመጣባቸውም፤ በዚህ አይስጉ። መልሰው ለመጀመር ከፈለጉ ግን ኪኒኑን ባቆሙባቸው ቀናት የወሰዱትን ሌላ መድኃኒት ያስቡ። ጥርሳቸውን አሟቸው ትራማዶል ለምነው ውጠው እንደሆነ፣ የሳል ሽሮፕ ጠጥተው እንደሆነ፣ የመጨረሻውን ቀን ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስታቸው ይንገሩና ቆጠራው ከዚያ ይጀምር። ምንም ካልወሰዱ በ25 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ ጋር።